ሁለት ቀፎ፣ ሁለት ሞተር፣ አንድ ኪስ፦ ስለ ካታማራን ዓመታዊ ወጪ ለጠየቃችሁን

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ከ13 እስከ 15 ሜትር ርዝመት ስላላቸው ባለ ሸራ ካታማራኖች (ሁለት ቀፎ፣ ማለትም ሁለት የጀልባ አካል፣ ጎን ለጎን ስላላቸው ጀልባዎች) ናቸው። የዕቃና የእጅ ዋጋ ከወደብ ወደብ ስለሚለያይ በገንዘብ ፋንታ በሊትር፣ በሰዓት፣ በዓመትና በመቶኛ መልሰናል። በየራሳችሁ ገበያ ዋጋ ማባዛቱን ለእናንተ ትተናል።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ዕድሜ ያላት ባለ 45 ጫማ ካታማራን ለመግዛት እየተደራደርኩ ነው። የተጠየቅሁት አዲሷ ከምታወጣው ከግማሽ በታች ነው። አንድ ወዳጄ «በየዓመቱ የገዛህበትን 10 በመቶ መድብ፣ አትቸገርም» ይለኛል። እውነቱን ነው? (ሰ.መ.)

መልስ፦ በገዙበት ዋጋ ካሰሉት ይቸገራሉ። ይህ የ10 በመቶ ልማድ ለአዲስ ጀልባ ከሞላ ጎደል ይሠራል። ለአሮጌ ግን ሸራ ሰፊውም፣ መካኒኩም፣ ቀለም ሻጩም በስንት እንደገዟት አይጠይቁዎትም። የሚያስከፍሉት በርዝመቷና በስፋቷ ነው። በግማሽ ዋጋ ስለተገዛች ግማሽ ሸራ አትሰቅልም። የግድ በመቶኛ ማስላት ከፈለጉ መነሻዎ ተመሳሳዩ ጀልባ ዛሬ አዲስ ቢሆን የሚያወጣው ዋጋ ይሁን። በእኛ ግምት የዚያ ከ5 እስከ 8 በመቶው ወደ እውነተኛው ወጪ ይጠጋል።

ከዚህ የሚሻለው ግን ወጪውን በሦስት ከፍሎ ማየት ነው። አንደኛው ጀልባዋ ብትንቀሳቀስም ባትንቀሳቀስም የሚከፈለው ነው፦ ኢንሹራንስ፣ ማቆሚያ፣ ምዝገባ። ሁለተኛው በየዓመቱ የሚደጋገመው ነው፦ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ የታች ቀለም፣ አኖድ (በሌላው ብረት ፋንታ እንዲበላ የሚገጠም ቁራጭ ብረት)፣ ጀልባዋን ከውኃ አውጥቶ መመለስ። እነዚህን ሁለቱን የማያስብ ገዢ የለም። ሰው የሚወድቀው በሦስተኛው ነው፤ በአምስት፣ በሰባት ወይም በአሥር ዓመት አንዴ መጥቶ የሌሎቹን ሁለቱን ድምር በሚውጠው።

ለሦስተኛው የዕቃውን መተኪያ ዋጋ ከነመግጠሚያው ለዕድሜው ማካፈል ነው። ሰው ለሚኖርባት ወይም ፀሐይ በበረታበት ባሕር ለምትውል ጀልባ የምንጠቀምባቸው ዕድሜዎች እነዚህ ናቸው፦ የዳክሮን (የፖሊስተር ጨርቅ) ሸራ 5 ወይም 6 ዓመት፣ ምሰሶውን ወጥረው የሚይዙት የብረት ገመዶች 10፣ ኤጂኤም ባትሪ (የታሸገ የእርሳስ ባትሪ) 5፣ በሁለቱ ቀፎዎች መካከል ከፊት የሚወጠረው መረብ 6፣ ከፒቪሲ ፕላስቲክ የተሠራች የምትነፋ ትንሽ ጀልባ 5፣ ሃይፓሎን ከሚባለው ሰው ሠራሽ ጎማ ከሆነች 10፣ የሴልድራይቭ (ከሞተሩ በቀፎው በኩል ወደ ውኃ ወርዶ ፕሮፔለሩን የሚያዞረው እግር) ትልቁ ጎማ 7። ቅዳሜና እሑድ ብቻ ለሚወጣና ሸራውን ሸፍኖ ለሚያስቀምጥ ሰው ሸራው እስከ 8፣ አንዳንዴም እስከ 10 ዓመት ይደርሳል።

ወደ እርስዎ ጀልባ እንምጣ። የሙሉ ሸራዋ ዋጋ 100 ነው እንበል። 6 ዓመት የሚያገለግል ከሆነ በየዓመቱ ወደ 17 ይበላል። ሻጩ «ሸራው የ4 ዓመት ነው» ካለዎት ከ100ው 67ቱ አልቋል ማለት ነው። የምሰሶው ገመዶች ከፋብሪካ የወጡት ከሆኑ ደግሞ 12 ዓመት ሞልቷቸዋል፤ ሙሉ መተኪያ ዋጋቸው ገና ሳይፈርሙ የእርስዎ ዕዳ ነው። ይህን ስሌት ለእያንዳንዱ ዕቃ ሠርተው ወደ ድርድሩ ይዘው ይግቡ። «ትንሽ ቀንሱልኝ» ከማለት ይልቅ በዕቃና በዓመት የተዘረዘረ ወረቀት ብዙ ያስቀንሳል። ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ሁሉ ዕድሜው በጀልባዋ ዕድሜ ይቆጠር፤ «ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው» የሚል የቃል ማረጋገጫ አይቀበሉ።

ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከመደበኛው ወጪ ሌላ የግዢውን ዋጋ 15 በመቶ ለብቻው አስቀምጡ ብለን እንመክራለን። ባለቤት በተቀየረበት ዓመት የቀድሞው ሰው ሲያሳድረው የቆየ ጥገና ሁሉ አብሮ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጆች፣ 14 ሜትር ካታማራን አለኝ። ማሪናው (የጀልባ ማቆሚያ ወደቡ) ከጎኔ ከቆመው ተመሳሳይ ርዝመት ካለው ባለ አንድ ቀፎ ጀልባ እጥፍ ሊባል የሚችል ያስከፍለኛል። ይህ አግባብ ነው? ከውኃ ሳወጣትስ ወጪውን በምን ልቀንስ? (ት.ገ.)

መልስ፦ ማቆሚያውን በተመለከተ ብዙ አይከራከሩ። 14 ሜትር ካታማራን ወደ 8 ሜትር ትሰፋለች፤ የያዘችው ቦታ 112 ካሬ ሜትር ነው። የጎረቤትዎ ጀልባ 4.3 ሜትር ቢሰፋ 60 ካሬ ሜትር ነው። አንዳንድ ማሪናዎች በካሬ ያስከፍላሉ፣ ሌሎቹ የርዝመቱን ተመን በ1.5 ወይም በ2 ያባዛሉ። ቅናሽ የሚገኘው የረጅም ጊዜ ውል በመያዝ፣ መጨረሻ ላይ ያለውን ወይም በጎን የሚታሰረውን ቦታ በመውሰድ፣ አለዚያም መልሕቅ ጥሎ በማደር ነው። መልሕቁም ነፃ አይደለም፤ ሰንሰለት ይበላል። የ10 ሚሊሜትር ሰንሰለት በሜትር ከ2 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ 100 ሜትሩ ከ220 ኪሎ ያልፋል። በየዓመቱ ጫፍና ጫፉን ቢገለብጡት ከመሬት ጋር የሚፋተገው ክፍል ስለሚቀያየር ዕድሜው ይረዝማል።

ከውኃ ማውጣቱ ላይ ግን ብዙ መቆጠብ ይቻላል። በመጀመሪያ ጀልባዎን የሚያነሳ ማሽን ያላቸው የጥገና ግቢዎች ጥቂት ናቸው፤ ትራቭል ሊፍቱ (ጀልባ አንጠልጥሎ በጎማ የሚሄደው ማንሻ) በውስጥ በኩል ከ8 ሜትር በላይ መስፋት አለበት፣ ወይም ሁለቱን ቀፎ በሚያገናኘው ወለል ሥር የሚገባ ሃይድሮሊክ ተጎታች ሊኖር ይገባል። ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት በጽሑፍ የሚጠይቁት ይህ ነው፦ ዋጋው ማንሳትን፣ በግፊት ውኃ ማጠብን፣ መደገፊያውንና መልሶ ማውረድን አንድ ላይ ይጨምራል? በመሬት ላይ የሚቆዩባቸው ስንት ቀናት ነፃ ናቸው? ባለቤቱ ራሱ እንዲሠራ ወይም የራሱን ባለሙያ እንዲያመጣ ይፈቀዳል? ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ጠይቆ በሦስተኛው ይያዛል። ግቢው የራሱን ሠራተኛ ብቻ ካስገደደ፣ በማንሳቱ ላይ ያገኙት ቅናሽ በቀለም ቀቢው የሰዓት ክፍያ ይጠፋል።

የቀለሙን መጠን አስቀድመው ያስሉ። አንቲፋውሊንግ የሚባለው፣ ዛጎል ለበስ ነፍሳትና አልጌ ቀፎው ላይ እንዳይለጠፉ የሚከላከለው ቀለም ነው። የእርስዎ ጀልባ ከውኃ በታች ያለው ገጽ ኪሎቹን (ከቀፎዎቹ ሥር ወደ ታች የሚወጡትን ክንፎች) እና መሪዎቹን ጨምሮ ከ60 እስከ 65 ካሬ ሜትር ይደርሳል። አንድ ሊትር በተግባር 9 ካሬ ገደማ ይሸፍናል። ስለዚህ አንድ ዙር 7 ሊትር፣ ሁለት ዙር 14 ሊትር ነው። በውኃው መስመር፣ በቀፎዎቹ የፊት ስለት፣ በኪሎቹ ፊትና በመሪዎቹ ላይ ሦስተኛ ዙር ያስፈልጋል፤ ቀለም ቀድሞ የሚያልቀው እዚያ ነው። ለዚያ 2 ወይም 3 ሊትር ሲጨመር ድምሩ 17 ሊትር ይሆናል። ጀልባዋ በዕቃ ተጭና ከፋብሪካው መስመር ዝቅ ብላ የምትንሳፈፍ ከሆነ መስመሩን 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ይቀቡ፤ አለዚያ ከላይ ባለው ነጭ ገጽ ላይ አረንጓዴ ጢም ይበቅላል።

የመጀመሪያውን ዙር በሌላ ቀለም (ለምሳሌ በቀይ)፣ ሁለተኛውን በሰማያዊ ቢቀቡት በሚቀጥለው ዓመት ቀዩ ብቅ ሲል የት እንደሳሳ ያያሉ፤ ያልሳሳበትን ቦታ ደግመው አይቀቡም። በየዓመቱ ያለ ማሰብ ዙር መደረብ ሌላ ዕዳ ነው፤ ውፍረቱ ሲበዛ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ይረግፋል፣ ያኔ ሙሉውን መፋቅ ይመጣል። ሲፍቁም አቧራው የመዳብ መርዝ ስላለበት በውኃ እያረጠቡና ጭንብል አድርገው ይሁን።

ሴልድራይቩን ግን በዚያው ብሩሽ እንዳይነኩት። እግሩ አሉሚኒየም ነው፤ መዳብ ያለበት ቀለም ሲነካው በጨው ውኃ ውስጥ እንደ ባትሪ ይሠራና አሉሚኒየሙ ይቦረቦራል። ለአሉሚኒየም የተፈቀደ መዳብ የሌለው ቀለም ይግዙለት። አኖዱን በምንም ዓይነት ቀለም አይቀቡት። ግማሹ ሲበላ ይቀየራል፣ በዓመቱ ምንም ካልተበላ ደግሞ ደስ አይበልዎ፤ ከብረቱ ጋር አልተገናኘም ማለት ስለሆነ በእሱ ፋንታ ሌላ ነገር እየተበላ ነው። ነቅለው መቀመጫውን በሽቦ ብሩሽ አጽድተው ይግጠሙት።

ጥያቄ፦ ሁለት ሞተር ማለት በሁሉም ነገር ሁለት እጥፍ ማለት ነው? በየዓመቱ የግድ መሠራት ያለበትን ከቅንጦቱ ለይታችሁ ንገሩኝ። የአንዱ ሴልድራይቭ ዘይትም ወተት መስሏል። (ዳ.)

መልስ፦ ከወተቱ እንጀምር፤ እሱ ቀጠሮ አይሰጥም። ወተት የመሰለ ዘይት ውኃ የገባበት ዘይት ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የፕሮፔለሩ ዘንግ ላይ የተጠመጠመ የዓሣ ማጥመጃ ክር ነው፤ ክሩ ከፕሮፔለሩ ኋላ ገብቶ ዘይት የሚያግዱትን ቀለበት ጎማዎች ይቆርጣቸዋል። ሌላው ምክንያት ጎማዎቹ የሚቀመጡበት ዘንግ በመፋተግ ጎድጎድ ማለቱ ነው፤ እንዲህ ከሆነ አዲስ ጎማ ቢገጥሙም በወራት ውስጥ ውኃው ይመለሳል። ሦስተኛው ቀላሉ ነው፦ ባለፈው ዘይት ሲቀየር የማፍሰሻው ብሎን አሮጌ ኦሪንጉን (ክብ ማሸጊያ ጎማውን) እንደያዘ ተመልሶ ታስሯል። ዘይቱን ዛሬ ቢቀይሩት ጊዜ ይገዙበታል እንጂ አያድኑትም፤ ውኃ የቀላቀለ ዘይት ጥርሶቹንና ኩሽኔታዎቹን ያዝጋል። ሳይዘገዩ ከውኃ ያውጧትና ፕሮፔለሩን አስፈትተው ዘንጉን በጥፍርዎ ይዳብሱት። ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ጎማዎቹ በዘንጉ ላይ ትንሽ ወጣ ወይም ገባ ብለው እንዲቀመጡ ይደረጋል፣ ካልሆነ ዘንጉ ይቀየራል።

አንዴ ከወጣች አይቀር ትልቁ ጎማ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ይመልከቱ። ሴልድራይቩ በቀፎው በኩል ወደ ውኃ የሚወርድበትን ሰፊ ቀዳዳ የሚዘጋው እሱ ብቻ ነው። ቮልቮ ፔንታ በየ7 ዓመቱ እንዲቀየር ያዛል፤ ሌሎች አምራቾች የየራሳቸው ቀን አላቸው፣ የእርስዎን መመሪያ ይዩ። የጎማው ዋጋ ብዙ አይደለም። የሚያስወጣው ሞተሩን ከመቀመጫው ፈቶ ወደ ፊት መግፋቱና መልሶ ማስተካከሉ ነው። ስለዚህ ጎማውን፣ የዘንጉን ቀለበት ጎማዎች፣ የሞተሩን መቀመጫ ጎማዎችና ከሞተሩ ጀርባ የማይደረስባቸውን ቱቦዎች በአንድ ጊዜ ይጨርሱ። ሁለቱንም ሞተር በአንድ ወቅት ያሠሩ። ደረሰኙን አይጣሉ፤ ውኃ ገብቶ ጀልባ ቢሰምጥ ኢንሹራንሱ መጀመሪያ የሚጠይቀው የዚህን ጎማ ቀን ነው።

እጥፍነቱን በተመለከተ ዕቃው እጥፍ ነው፣ የሞተሩ ሰዓት ግን እጥፍ አይደለም። ነፋስ ሲጠፋ በአንድ ሞተር ብቻ ከ5 እስከ 6 ኖት (በሰዓት የባሕር ማይል) መሄድ ይቻላል፤ እያፈራረቁ ከሠሩባቸው በዓመት 250 ሰዓት ቢነዱ ለእያንዳንዱ 125 ሰዓት ይደርሰዋል። ናፍጣውም በአንድ ሞተር በሰዓት ከ3 እስከ 4 ሊትር ስለሆነ ለዓመቱ ወደ 900 ሊትር ይዘው ማስላት ይችላሉ። ከዚያ በላይ ከወጣ የታችዋ ቆሽሿል፣ ወይም በሞተር ባትሪ መሙላት ልማድ ሆኗል። ይህ ሁለተኛው ናፍጣ ከማባከኑም በላይ ሞተሩን ያበላሻል፤ ናፍጣ ሞተር ያለ ጭነት ለሰዓታት ሲያጓራ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ጥቀርሻና ልሙጥ ሽፋን ይሠራል፣ ከዚያ ዘይት መብላት ይጀምራል።

በየዓመቱ የግድ የሚሆነው ለእያንዳንዱ ሞተር ይህ ነው፦ 5 ሊትር ገደማ ዘይትና ፊልትሮው፣ ሁለቱ የናፍጣ ፊልትሮዎች፣ የሴልድራይቩ ከ2.5 እስከ 3 ሊትር ዘይት፣ የባሕር ውኃ ፓምፑ ኢምፔለር (ውኃውን የሚገፋው ባለ ክንፍ ጎማ) ከነጓርኒሲዮኑ፣ አኖዶቹ፣ የቺንጊያው ፍተሻ። ሰዓቱ ባይሞላም ዘይቱ በዓመቱ ይቀየራል፤ የቆመ ዘይት አሲድ ይይዛል። አሮጌውን ኢምፔለር ሲያወጡ ክንፎቹን ይቁጠሩ። አንዱ ከጎደለ የሄደበትን ቦታ፣ ማለትም ሙቀት መለዋወጫውን ከፍተው እስኪያገኙት አይተዉት፤ አለዚያ የዛሬው ቁራጭ ጎማ በሚቀጥለው ወር ሞተሩን ያግላል።

በየሁለት ዓመቱ ደግሞ የባሕር ውኃው ከጭሱ ጋር የሚቀላቀልበትን ጎሚቶ (የቧንቧ መታጠፊያ) ፈተው ይዩ። ከውጭ ደኅና መስሎ በውስጥ በጥቀርሻና በዝገት የእርሳስ ውፍረት ብቻ ቀዳዳ የቀረው ብዙ ነው። ምልክቱ ሞተሩ ሙሉ ዙሩን አለመድረሱና ጥቁር ጭስ ነው። ተቀድዶ ካንጠባጠበ ደግሞ ውኃው ወደ ሲሊንደር ሊመለስ ይችላል። ይህ አንድ ጎሚቶ በጊዜው ስላልተቀየረ ሞተር የቀየሩ ሰዎች አሉ።

ቅንጦቱን ጠይቀው ነበር። በየዓመቱ ሞተር ክፍል መቀባት ቅንጦት ነው፤ የሞተሩን ሥር ነጭ አድርጎ መያዝ ግን አይደለም፣ የዘይት ጠብታ በነጭ ላይ ቶሎ ይታያል።

ጥያቄ፦ ኢንሹራንሴ 10 ዓመት ስለሞላቸው የምሰሶውን ገመዶች በሙሉ ካልቀየርክ አላድስም ብሎኛል። ገመዶቹ እንደ አዲስ ያበራሉ። መከራከሪያ ስጡኝ። (ኃ.ወ.)

መልስ፦ መከራከሪያ የለንም፤ እንዲያውም በዚህ ላይ ኢንሹራንሱ ልክ ነው። የማይዝግ ብረት ሲያረጅ አይደበዝዝም። የ19 ክሮች ጥቅል የሆነው ገመድ በእያንዳንዱ ማዕበል ይወጠራል፣ ይላላል፤ ይህ በሚሊዮን ጊዜ ሲደጋገም ክሮቹ ከውስጥ ይደክማሉ። በታችኛው ጫፍ፣ ገመዱ በግፊት ተጨምቆ በገባበት ቱቦ ውስጥ ደግሞ ጨዋማ ውኃ ይጠራቀማል። አየር በማያገኝ ጠባብ ቦታ የተኛ ጨው የማይዝገውን ብረት ይሰነጥቀዋል። ከላይ የሚያበራው እንዳለ ነው።

ካታማራን ላይ ነገሩ ይከፋል። ባለ አንድ ቀፎ ጀልባ ነፋስ ሲበረታ ትዘምማለች፣ ኃይሉም ከሸራው ይፈስሳል። ካታማራን ግን ሰፊ እግሯን ተክላ ስለምትቆም ኃይሉ በሙሉ ወደ ምሰሶውና ወደ ገመዶቹ ይሄዳል። ሸራ የሚያሳጥሩት ጀልባዋ ስታዘምም አይተው ሳይሆን የነፋስ መለኪያውን አይተው የሆነውም ለዚህ ነው። የእርስዎን ጀልባ መመሪያ ይከተሉ፤ በብዙዎቹ ላይ የመጀመሪያው ማሳጠር በ18 ወይም በ20 ኖት ይጀምራል።

እስኪቀይሩ ድረስ በየሦስት ወሩ እንዲህ ይፈትሹ። ገመዱን በጥጥ ጨርቅ ጨብጠው ከታች ወደ ላይ ይሳቡት፤ ጨርቁ ከያዘ አንድ ክር ተበጥሷል፣ አንድ ክር ደግሞ ለሙሉ መቀየር በቂ ነው። ከቱቦው አፍ የሚወርድ ቡናማ መስመር ካዩ አጽድተው ከሳምንት በኋላ ይመልሱበት። ከተመለሰ ከውስጥ ነው። የስንጥቅ መፈለጊያ ቀለም በቱቦው ላይ ረጭተው በማጉያ መነጽር ቢያዩ ፀጉር የሚያክል መስመር ይገለጣል። የላይኞቹን ጫፎችም ይዩ፤ ሰው ምሰሶ መውጣት ስለሚሰንፍ ብዙ ችግር የሚቀመጠው እዚያ ነው።

ሲቀይሩ ወጪው የገመዱ ብቻ አይደለም፤ ከ20 ሜትር በላይ የሆነን ምሰሶ የሚያነሳ ክሬን ይከራያሉ። ክሬኑ አንዴ ከተከፈለ አይቀር በምሰሶው ላይ ያለውን ሁሉ ይጨርሱ፦ የሸራ መስቀያ ገመዶችና መንኮራኩሮቻቸው፣ የምሰሶ ጫፍ መብራት፣ የነፋስ መለኪያ፣ የሬዲዮ አንቴናና ገመዱ። ከአንድ ዓመት በኋላ አንድ መንኮራኩር ለመቀየር ያንኑ ክሬን መልሶ መጥራት ያናድዳል።

ጥያቄ፦ ኤጂኤም ባትሪዎቼ ደክመዋል። በሊትየም ብቀይር በረጅም ጊዜ ይረክሳል ይባላል። (አ.)

መልስ፦ በጀልባዋ ላይ የሚኖሩ ከሆነ ይረክሳል፤ በዓመት ሦስት ሳምንት ከሆነ አይረክስም።

ማቀዝቀዣና ፍሪዘር ያላት ጀልባ በቀን 200 አምፔር ሰዓት በ12 ቮልት ትበላለች እንበል። ኤጂኤምን ከግማሽ በታች ማውረድ ስለማይመከር ቢያንስ 400፣ በደመና ቀን እንዳይቸገሩ 600 ያስፈልግዎታል። ሊትየም ብረት ፎስፌት 80 በመቶው ስለሚሠራ 300 ይበቃል። ኤጂኤም በግማሽ ጥልቀት 500 ዙር ገደማ ይሰጣል፣ ሊትየሙ ወደ 3,000። ከዚህም በላይ ኤጂኤም በጀልባ ላይ ቶሎ የሚሞተው ስለማይሞላ ነው፤ የመጨረሻዋ 15 በመቶ ሰዓታት ትፈጃለች፣ ፀሐይዋ ደግሞ ቀድማ ትጠልቃለች። ሳይሞላ የሚያድር የእርሳስ ባትሪ ሰሌዳው ይጠጥራል። ሊትየም በግማሽ ቢያድር ምንም አይሆንም።

ሻጭ የማይነግርዎ ወጪ ዲናሞው ላይ ነው። ሊትየም የተሰጠውን ሁሉ ስለሚቀበል የፋብሪካው ዲናሞ ያለ ዕረፍት በሙሉ አቅሙ ይሠራል፤ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሆን ማራገቢያውም ቀስ ስለሚል ይቃጠላል። የባትሪው መቆጣጠሪያ በመሙላት ላይ እያለ በድንገት ቢያቋርጥ ደግሞ የቮልቴጁ ዝላይ ዳዮዶቹን ያፈነዳል። ስለዚህ ሙቀት የሚለካ የውጭ ሬጉሌተር (የዲናሞውን ኃይል የሚቆጣጠር) ወይም በመነሻ ባትሪውና በሊትየሙ መካከል የሚገባ ዲሲ ቻርጀር፣ ከባትሪው አጠገብ ለከፍተኛ የአጭር ዙር ኃይል የተሠራ ፊውዝ፣ ለሊትየም የሚስተካከል የወደብ ቻርጀር አብረው ይገዛሉ። ይህን ሳይደምሩ የባትሪን ዋጋ ከባትሪ ዋጋ ጋር አያወዳድሩ። ከመጀመርዎ በፊትም ኢንሹራንስዎን ይጠይቁ፤ አንዳንዶቹ በባለሙያ ካልተገጠመ አይቀበሉም።

ጥያቄ፦ ኢንሹራንስ ራሱ ስንት በመቶ ይያዝለት? (ል.)

መልስ፦ ረጋ ባለ ባሕር ከጀልባዋ ዋጋ 1 እስከ 1.5 በመቶ፣ ማዕበል በሚበዛበት አካባቢ 2 በመቶና ከዚያ በላይ። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2017 በካሪቢያን ያለፈው ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ ብዙ ካታማራኖችን ካወደመ ወዲህ ለዚያ ቀጠና ገበያው ጠብቧል። የአትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ስለሆነ ውልዎ በእነዚያ ወራት ጀልባዋ የት መሆን እንዳለባት በኬክሮስ ጭምር ሊወስን ይችላል። ከመቶኛው በፊት ሦስት ነገር ያንብቡ፦ የሚከፈለው የተስማሙበት ዋጋ ነው ወይስ የዕለቱ ገበያ? ለአውሎ ነፋስ የተለየ፣ ከፍ ያለ ድርሻ ከእርስዎ ይቆረጣል? በስንት ዓመቱ በመሬት ላይ የሚደረግ የባለሙያ ምርመራ ይጠየቃል? የመጨረሻው ብዙ ጊዜ 5 ዓመት ነው፤ ከታች ቀለም ወቅት ጋር ካላገጣጠሙት ሁለት ጊዜ ማንሳት ይከፍላሉ።

ጥያቄ፦ በዓመት 4 ወር ብቻ ነው የምንጠቀምባት። ቀሪውን 8 ወር መሬት ላይ ብትቆም ወጪው በዚያው ልክ ይቀንሳል? (የሁለት ቤተሰብ ባለቤቶች)

መልስ፦ በዚያው ልክ አይቀንስም። የሚቀንሰው ናፍጣ፣ የሞተር ሰዓትና የሸራ ፀሐይ ነው። ኢንሹራንሱ በጥቂቱ ይወርዳል፣ ማቆሚያው በመሬት ኪራይ ይተካል። በቀን የሚቆጠሩትም ይቀጥላሉ፤ የሚነፋው የነፍስ አድን ራፍት ምርመራ፣ የአደጋ ምልክት ርችቶች የ3 ዓመት ቀን፣ ራፍቱን በውኃ ግፊት የሚለቅቀው መንጠቆ የ2 ዓመት ቀን ጀልባዋ ተኛች ብሎ አይጠብቅም።

በደንብ ካልተኛች ደግሞ የ8 ወር ዕረፍት ከ8 ወር ጉዞ የበለጠ ያስወጣል። የባሕርን ውኃ ጨዉን ለይቶ የሚጠጣ የሚያደርገውን ማጣሪያ እንመልከት። ሜምብሬኑ (ጨዉን የሚለየው ስስ ሽፋን) ሥራ ላይ እያለ ዓመታት ይቆያል፤ ጨው ውኃ ውስጡ ተትቶ ለሳምንታት ከቆመ ግን ባክቴሪያ ያድርበታል። በንጹሕ ውኃ ያጥቡት፣ ውኃው ከማሪና ቧንቧ ከሆነ ክሎሪኑ ሜምብሬኑን ስለሚያበላሸው በካርቦን ፊልትሮ በኩል ያሳልፉት፤ ከዚያ አምራቹ ለረጅም ጊዜ ማቆያ በሚያዝዘው ፈሳሽ (ብዙ ጊዜ ፕሮፒሊን ግላይኮል ነው) ይሙሉት።

ሞተሮቹ ዘይታቸው ከመተኛታቸው በፊት ይቀየር እንጂ ከተነሡ በኋላ አይደለም። የባሕር ውኃ መስመራቸው በንጹሕ ውኃ ይታጠብ፣ ኢምፔለሩ ወጥቶ በቁልፉ ላይ ይንጠልጠል፤ ማንም ሳይገጥመው እንዳያስነሣ። የናፍጣ ታንከሮቹ ተሞልተው ፀረ-ባክቴሪያ ይጨመርባቸው፤ ግማሽ ባዶ ታንከር ግድግዳው ላይ ጤዛ ያወርዳል፣ ጤዛው በናፍጣው ሥር ተጠራቅሞ ጥቁር ዝቃጭ የሚያበቅል ነገር ይራባበታል። መጸዳጃዎቹ በንጹሕ ውኃ ታጥበው ኮምጣጤ ይደርባቸው፣ በቱቦው ውስጥ የሽንትና የባሕር ውኃ ኖራ እንዳይጠጥር። የእርሳስ ባትሪ ሙሉ ሆኖ በሶላር ይጠበቃል፤ ሊትየም ግን በግማሹ ተትቶ ይነቀላል።

ሸራዎቹ በሙሉ ይውረዱ። ተጠቅልሎ የቀረ የፊት ሸራ በዐውሎ ነፋስ ከተፈታ ሸራውን ብቻ አይደለም የሚቀድደው፤ ጀልባዋን ከመደገፊያዋ ያናውጣል። ሲያወርዷቸው በጫፉ ያለውን የፀሐይ መከላከያ ጨርቅ ስፌት በአውራ ጣት ጥፍር ይጫሩት። ክሩ ከተበጠሰ ጨርቁ ደኅና ቢሆንም ስፌቱ አልቋል፤ በዚያው ወደ ሰፊው ይላኩት። በእነዚህ 8 ወራት ሰፊዎች ሥራ ስለሚቀዘቅዝባቸው ዋጋም ይሻላል፣ ቀጠሮም ይገኛል።